የጀርመን ግዛቶችን የመታሰቢያ ብር ለመሰብሰብ፦ ከአንድ ግዛት ጀምሩ

ሳንቲም መሰብሰብ የሚፈልግ ወዳጅ ምክር ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። አንድ ግዛት ምረጥ እለዋለሁ። የዚያን ግዛት ሳንቲሞች አንድ በአንድ ጠንቅቀህ ዕወቅ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

የምኖረው ላይፕዚግ ነው። በ1980ዎቹ ለትምህርት መጣሁ። ጀርመንኛ ሄርደር ኢንስቲትዩት፣ ኬሚስትሪ ደግሞ ያኔ ካርል ማርክስ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እዚሁ ቀረሁ። እንጀራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኔ ግዛት ሳክሶኒ ነው። ሙኒክ ያላችሁ ባቫሪያን፣ ሽቱትጋርት ያላችሁ ቩርተምበርግን ልትመርጡ ትችላላችሁ። ጀርመን ውስጥ ካልሆናችሁ ደግሞ ታሪኩ ልባችሁን የሳበውን ያዙ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲቋቋም 25 ግዛቶች በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። 22ቱ ንጉሥ፣ ታላቅ መስፍን፣ መስፍን ወይም ልዑል የሚገዛቸው ነበሩ። ሦስቱ ሃምቡርግ፣ ብሬመንና ሉቤክ ነጻ ከተሞች ናቸው። ከፈረንሳይ የተወሰደው አልዛስ ሎረን ለብቻው በበርሊን ሥር ይተዳደር ነበር፤ የራሱ ሳንቲም የለውም። በ1871 እና በ1873 በወጡት ሕጎች ማርክ የሁሉም ገንዘብ ሆነ። ትንንሾቹ ሳንቲሞች በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ከ2 ማርክ ጀምሮ ግን በአንዱ ፊት ንስሩ፣ በሌላው ፊት የግዛቱ ገዢ ምስል ወይም የከተማው አርማ ይቀመጣል። ንጉሦቹ ገንዘቡን ለበርሊን ሲለቁ ፊታቸውን ግን አለቀቁም ማለት ነው።

ታዲያ ንጉሥ ሲሞት፣ ንግሥናው 25 ዓመት ሲሞላው፣ የብር ሠርጉን ሲያከብር፣ ዩኒቨርሲቲው 500 ዓመት ሲደፍን፣ ግዛቱ መታሰቢያ ያስቀርጻል። መታሰቢያዎቹ የወጡት በ2፣ በ3 እና በ5 ማርክ ነው። እነዚህ ሳንቲሞች ሕጋዊ ገንዘብ ነበሩ። ሰው ዳቦ ሊገዛባቸው ይችል ነበር። ብዙዎቹ ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ዛሬ ድረስ ያማረ መልካቸውን ይዘው የምናገኛቸው ለዚህ ነው።

ልኩን በቃላችሁ ያዙ፤ በኋላ ከፎርጅድ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ሁሉም 900 ብር ናቸው፤ ማለትም ከአሥር እጅ ዘጠኙ ብር፣ አንዱ መዳብ። ሕጉ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ማርክ 5 ግራም ንጹሕ ብር። ስለዚህ 2 ማርክ 10 ግራም፣ 3 ማርክ 15 ግራም፣ 5 ማርክ 25 ግራም ንጹሕ ብር አለው። ከመዳቡ ጋር ጠቅላላ ክብደቱ 11.11፣ 16.67 እና 27.78 ግራም ይሆናል። ስፋታቸው 28፣ 33 እና 38 ሚሊ ሜትር ነው። የ2 ማርኩ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው። የ3 እና የ5 ማርኩ ጠርዝ ላይ ግን «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ በጀርመንኛ ዙሪያውን ይዞራል።

አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ የሚያውቁት ማርያ ቴሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ5 ማርኩ ትንሽ ይበልጣል። ብሩ ግን 833 ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። 5 ማርኩ ቀለል ብሎ የበለጠ ብር ይዟል። ቤታችሁ ጠገራ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ቀለማቸው ራሱ ይለያያል።

ስለ 3 ማርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ታለር የሚባለው አሮጌ የብር ገንዘብ ማርክ ከመጣ በኋላም በ3 ማርክ ሒሳብ እየዞረ ቆይቶ በ1907 ከገበያ ወጣ። ሕዝቡ ግን ያንን መጠን ለምዶታል። ስለዚህ በ1908 ባለ 3 ማርክ ሳንቲም በሕግ ተፈቀደ። ከዚያ ዓመት በፊት የተቀረጸ የግዛት 3 ማርክ አቀርባለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ከንስሩ በተቃራኒ ባለው ፊት አንዲት ትንሽ ፊደል ፈልጉ። ሳንቲሙ የተቀረጸበትን ቤት የምትናገረው እሷ ናት። አ በርሊን፣ ዴ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጌ ካርልስሩኸ፣ ዮት ሃምቡርግ ናቸው። የሳክሶኒ ፊደል ኤ ነው፤ የእኛ «ኤ»፣ የላቲኑ አምስተኛ ፊደል። እስከ 1887 ድሬስደን ነበር፤ ከዚያ ፍራይበርግ አጠገብ ወዳለው ሙልደንሁተን ተዛወረ። ፍራይበርግ ከጥንት የብር ማዕድን አገር ነው። የሳክሶኒ መታሰቢያዎች በሙሉ የተወለዱት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሳክሶኒ ልግባ። በብር የተቀረጹት መታሰቢያዎች ስምንት ናቸው፤ ሰባቱን ሰው ሊደርስባቸው ይችላል።

ንጉሥ አልበርት በሰኔ 1902 ሞተ። 2 እና 5 ማርክ ወጣለት። ንጉሥ ጌኦርግ ተተካ፤ እሱም በጥቅምት 1904 ሞተ። ለእሱም 2 እና 5 ማርክ። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። በነዚሁ ዓመታት የተለመደው የንጉሡ ሳንቲምም ተቀርጿል፤ ምስሉ ይመሳሰላል። መታሰቢያው የሚለየው የልደቱና የሞቱ ቀን ስለተጻፈበት ነው። ሳታስተውሉ የተለመደውን በመታሰቢያው ዋጋ እንዳትገዙ።

በ1909 የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ 500 ዓመት ሞላው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1409 ነው፤ ከፕራግ ተጣልተው የወጡ ጀርመን መምህራንና ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት። ሳንቲሙ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አሉ፤ መሥራቹ ፍሪድሪሽ ተዋጊውና በጊዜው የነበረው ንጉሥ ፍሪድሪሽ አውጉስት ሣልሳዊ። በመካከላቸው 500 ዓመት አለ። ቀራጩ ግን ትከሻ ለትከሻ አገጣጥሟቸዋል። የተማርኩበት ቤት ስለሆነ ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ የሳክሶኒ ውቡ ሳንቲም ይሄ ነው። 2 ማርኩ በቀላሉ ይገኛል። 5 ማርኩ ያነሰ ቁጥር ስለተቀረጸ ኪስ ይነካል።

በ1913 ደግሞ የላይፕዚግ ሐውልት 3 ማርክ መጣ። ብዛቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሁሉም መታሰቢያዎች ለመገኘት ከሚቀሉት አንዱ ነው። ጀማሪ በዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ከጥቅምት 16 እስከ 19፣ 1813 ናፖሊዮን እዚህ ከተማ ዳርቻ ላይ በሩሲያ፣ በኦስትሪያ፣ በፕሩሲያና በስዊድን ጦር ተመታ። በመቶኛ ዓመቱ 91 ሜትር ከፍታ ያለው ሐውልት ተመረቀ። ከሐውልቱ ፊት ግዙፍ የቅዱስ ሚካኤል ቅርጽ ቆሟል። ሳንቲሙ ላይ ያለው ይኸው ሐውልት ነው።

ብዙ ሰብሳቢ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል ያልፋል። በዚያ ጦርነት የሳክሶኒ ንጉሥ የቆመው ከናፖሊዮን ጎን ነበር። ተሸነፈ፤ ተማረከም። በ1815 በቪየናው ጉባኤ ከግዛቱ ከግማሽ በላይ ተቆርሶ ለፕሩሲያ ተሰጠ። እንግዲህ የሳክሶኒ ሳንቲም ሳክሶኒ የተሸነፈችበትን ቀን ያከብራል ማለት ነው። በ1913 ሰው ራሱን ከሳክሶኒነቱ ይልቅ ጀርመን አድርጎ ያይ ነበርና ማንም ነገሬ አላለውም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሳንቲሙን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1915 ፕሩሲያ የማንስፌልድ 3 ማርክን አወጣች። ማንስፌልድ የመዳብና የብር ማዕድን አገር ነው። ሳንቲሙ የሚያከብረው አውራጃው ወደ ፕሩሲያ የገባበትን መቶኛ ዓመት ነው። አንዱ ሳንቲም ላይ ሳክሶኒ በሽንፈቷ ቀን ሐውልት ትቀርጻለች፤ ሌላው ላይ ፕሩሲያ በዚያው ዘመን ያገኘችውን ታከብራለች። ሁለቱን አንድ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ።

የማንስፌልዱ ሳንቲም ደግሞ ለእኛ ሰው ሌላ ነገር አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። ጊዮርጊስ የማንስፌልድ መሳፍንት ጠባቂ ቅዱስ ስለነበር ከጥንትም ታለራቸው ላይ ይቀረጽ ነበር። እናቴን ይህን ሳንቲም በስልክ ካሜራ ባሳየኋት ጊዜ መጀመሪያ ያለችው «ጊዮርጊስን እነሱም ያውቁታል?» ነበር። ብዛቱ 30 ሺህ ገደማ ስለሆነ ዋጋው ብዙ መቶ ዩሮ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ግዢ አይሆንም። አንድ ቀን ግን እጃችሁ ይግባ።

ስምንተኛው የሳክሶኒ መታሰቢያ የ1917ቱ 3 ማርክ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ 400ኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ የጠቢቡ ፍሪድሪሽ ምስል አለበት። ማርቲን ሉተርን የጠበቀው መስፍን እሱ ነው። የተቀረጹት 100 ብቻ ናቸው። ጨረታ ላይ ሲወጣ በአሥር ሺዎች ዩሮ ይሸጣል። የፍሪድሪሽ ከተማ ቪተንበርግም ሳክሶኒ በ1815 ካጣቻቸው አንዷ ናት። ይህን ሳንቲም በ20 ዩሮ፣ በ200 ዩሮ፣ «የአያቴ ነበር» ተብሎ ያመጣላችሁ ሰው ያመጣው ኮፒ ነው። ኮፒው በገፍ ተሠርቷል። አትከራከሩ፤ አመስግናችሁ ሂዱ።

ከሳክሶኒ ውጭ ሁለት ሦስት ታሪኮችን ልንካ፤ ምርጫችሁን ይቀይር ይሆናል።

ሳክሰን ቫይማር የሠርግ ሳንቲም አላት። ታላቁ መስፍን ቪልሄልም ኤርንስት በ1903 ካሮሊንን ሲያገባ 2 እና 5 ማርክ ተቀረጸ። ካሮሊን በ1905 ገና በወጣትነቷ ሞተች። በ1910 ፌዮዶራን ሲያገባ ደግሞ 3 ማርክ ወጣ። አንድ ባል፣ ሁለት ሚስቶች፣ ሦስት የሠርግ ሳንቲም። እነዚህን ለማግኘት ቫይማርን የመረጠ ሰው ተሳስቷል አልልም።

ብራውንሽቫይግ የ1915 ሳንቲም ላይ መስፍን ኤርንስት አውጉስትና ሚስቱ ቪክቶሪያ ሉዊዘ አሉ። የንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም አንድ ሴት ልጅ ናት። ሠርጋቸው በ1913 በርሊን ውስጥ ነበር፤ የሩሲያው ኒኮላስና የእንግሊዙ ጆርጅ አምስተኛ ተገኝተዋል። በዓመቱ እነዚሁ ቤተ ዘመዶች ጦር ተማዘዙ። ሳንቲሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ላይ ሉኔቡርግ የሚለው ስም ባጭሩ ተጨምሯል፣ ሌላው ላይ የለም። የሌለበት እጅግ ውድ ነው።

ቩርተምበርግ በ1911 ለንጉሥ ቪልሄልምና ለንግሥት ሻርሎተ የብር ሠርግ ያወጣችው 3 ማርክ እንደዚሁ ሁለት መልክ አለው። ሻርሎተ በሚለው ስም ውስጥ «ሃ» ከሚባለው የላቲን ፊደል መካከለኛዋ አግዳሚ ሰረዝ በአንዳንዱ ሳንቲም ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዚህች የፀጉር ስንጣቂ ልዩነት ብቻ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይዘላል። ማጉያ መነጽር ሳይዙ ገበያ መሄድ ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፤ ርካሽ ነው።

ሁሉም ሰብሳቢ የሚግባባበት ቁጥር አለ። ኩርት ዬገር በሠራው ካታሎግ እያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር አለው። የላይፕዚጉ ሐውልት ዬገር 140፣ የ1917ቱ ዬገር 141፣ ማንስፌልድ ዬገር 115 ነው። ሻጭ ጋ ስትሄዱ ስም ከመዘርዘር ቁጥሩን ብትጠሩ ወዲያው ይገባዋል። ካታሎጉን ግዙ፤ ያገለገለ የቆየ እትም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት ዩሮ ይገኛል። የዋጋ ዓምዱ ያረጃል፤ ቁጥሩና ገለጻው ግን አያረጅም።

አሁን ዋናው። ይዞታ።

አንድ ሳንቲም በሁለት ይዞታ ሁለት ሳንቲም ነው። ጀርመኖች ደረጃውን ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይሉታል፦ ሸን፣ ዜር ሸን፣ ፎርትሱግሊኽ፣ ሽቴምፕልግላንትስ። የመጨረሻው ከማሽኑ እንደወጣ ያለ ነው። ፖሊርቴ ፕላተ የሚባለው ደረጃ ሳይሆን አሠራር ነው፤ ሜዳው፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ባዶ ገጹ፣ እንደ መስታወት ሆኖ ለሰብሳቢ ተብሎ የተቀረጸ። በጣም ያምራል፤ ጭረትም በጣም ይታይበታል። ለጀማሪ የምመክረው ፎርትሱግሊኽን ነው። ዝርዝሩ አልጠፋም፣ ዋጋውም ገና አልናረም። ሦስት የተፋቁ ሳንቲሞች ከምትገዙ አንድ ደህናውን ግዙ። በዚህ አልደራደርም።

እንዴት ታያላችሁ? ክፍሉን ጨለም አድርጉት። አንድ መብራት ብቻ ይብራ። ሳንቲሙን በጠርዙ በሁለት ጣት ያዙና ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ያልተነካ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ ዙሪያውን ይዞራል። የታሸ ወይም የተወለወለ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ ይሞታል፣ ወይም ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ያብለጨልጫል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ተመልከቱ። በንጉሡ ፊት ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር፣ ቅንድቡና ጢሙ። በንስሩ ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው ጋሻና የአክናፉ ጫፍ። መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ሐውልት ያለበት ሳንቲም ላይ ደግሞ ባዶውን ሜዳ ፈትሹ፤ ጭረት የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ጠርዙን ከላይ በኩል፣ በንጉሡ ጭንቅላት አቅጣጫ፣ ደጋግማችሁ እዩ። አገራችን ጠገራ ብር ላይ ቀለበት ተበይዶ ለአንገት እንደሚንጠለጠል ሁሉ ጀርመኖችም መታሰቢያ ብራቸውን ጌጥ ያደርጉት ነበር። ቀለበቱ ሲነቀል ጠባሳ ይቀራል። በጠርዙ ጽሑፍ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ወይም ቀለሙ የተለየ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው። ጀርመንኛው ሄንከልሽፑር ይለዋል። ሻጩ ዝርዝር ላይ ይህን ቃል ከጻፈ ዋጋው ከግማሽ በታች መውረድ አለበት።

ፎርጅድን ለመለየት የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማግኔት፤ ከሳበው በቃ። ቀጥሎ ክብደትና ስፋት። 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛንና ካሊፐር የሚባለው የስፋት መለኪያ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱም ውድ አይደሉም። ቀጥሎ ጠርዝ። 3 ማርክ ሆኖ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ከሌለ፣ ወይም በመሐሉ የመጋጠሚያ መስመር ከታየ፣ ተመለሱ።

ከዚያ የውኃው ፈተና ይመጣል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ብርጭቆ ላይ ውኃ ጨምራችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገቡት፤ ግን ታችኛውንም ጎኑንም አያስነካ። ክሩን በእጅ ከመያዝ እንጨት ላይ ብታስሩት ይሻላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ነው። 900 ብር የሆነ 2 ማርክ 1.08፣ 3 ማርክ 1.62፣ 5 ማርክ 2.69 ግራም ገደማ ያሳያል። 3 ማርካችሁ ክብደቱ ትክክል ሆኖ 1.87 አካባቢ ካነበበ ውስጡ መዳብና ኒኬል ነው፤ ብሩ ቅብ ብቻ ነው። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ንባቡ ስለሚሳሳት ወዝወዝ አድርጋችሁ ድገሙት። ሲያልቅ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁት እንጂ አትሹት።

ይህ ፈተና ብረቱን ነው የሚነግራችሁ። ከእውነተኛ ብር የተሠራ ፎርጅድ ያልፈዋል። ስለዚህ ውድ ሳንቲም ከሆነ ምስሉን ከተረጋገጠ ሳንቲም ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። በርሊን ቦደ ሙዚየም ውስጥ ያለው የሳንቲም ክምችት ፎቶዎቹን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ድሬስደን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የሳንቲም ሙዚየም ደግሞ በአካል እዩ፤ የሳክሶኒ ሰብሳቢ እዚያ አንድ ቀን ቢውል አይቆጨውም። የፎርጅዱ ፊደል ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ እንደ ቀለጠ ሳሙና የሆነ ነው፤ የእውነተኛው ፊደል ግን ቀጥ ብሎ ከሜዳው ይነሣል። በብዙ መቶ ዩሮ የሚሸጥ ነገር በታወቀ ነጋዴ ወይም በጨረታ ቤት በኩል ብቻ ይገዛ። ሳንቲም መርምረው ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች፣ ከኤን ጂ ሲ ወይም ከፒ ሲ ጂ ኤስ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ከሆነም ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ማሸጊያውም ፎርጅድ ይሠራለታል።

ዋጋ ላይ ስንመጣ መጀመሪያ የብሩን ዋጋ አስሉ። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ10፣ በ15 ወይም በ25 አባዙ። ያ ወለሉ ነው። ከዚያ በታች የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ ካለ ጠርጥሩ። የተለመዱት መታሰቢያዎች፣ እንደ ላይፕዚጉ ሐውልት ወይም እንደ 1901ዱ የፕሩሲያ 200ኛ ዓመት 2 ማርክ፣ በመካከለኛ ይዞታ ከወለሉ ብዙም አይርቁም። ብር ሲወደድ እነሱም ይወደዳሉ። ብርቅ የሆኑት ግን በብር ዋጋ አይተዳደሩም። እዚያ የሚወስነው ብዛትና ይዞታ ነው።

የት ይገዛል? ከተማችሁ ውስጥ የሳንቲም ሱቅ ካለ እዚያ ጀምሩ። ሁለት ሦስቴ ሄዳችሁ ከባለሱቁ ጋር ተጨዋወቱ። ጀርመን ውስጥ እነዚህ ሰዎች ስለ ሙያቸው ሲጠየቁ ፊታቸው ይፈካል። እኔ የማዘወትረው ሱቅ ባለቤት አዲስ ትሪ ሲገባለት ሳክሶኒዎቹን ለይቶ ያስቀምጥልኛል። እንዲህ ያለ ዝምድና ገንዘብ አይገዛውም። በዓመት አንዴ በርሊን የሚካሄደው የዓለም የገንዘብ ትርዒትም አለ፤ መቶዎች ነጋዴዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገኛሉ። ጨረታ ላይ ስትገቡ ግን የገዢው ኮሚሽን ብዙውን ጊዜ 20 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን አትርሱ። 100 ዩሮ ብላችሁ ያሸነፋችሁት ከ120 በላይ ነው የሚያስከፍላችሁ። ጣሪያችሁን ኮሚሽኑን ጨምራችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ኢንተርኔት ላይ ከማያውቁት ሰው መግዛት ግድ ከሆነ የሁለቱም ፊትና የጠርዙ ፎቶ፣ ከሚዛን ላይ ከተነሣ ፎቶ ጋር ይላክላችሁ። የጠርዝ ፎቶ የማይልክ ሻጭ ጋ አትቆዩ።

አያያዝ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አታጽዱ። እኛ ቤት ብር በአመድና በሎሚ ይታሻል፤ ለጌጥ ጥሩ ነው። ለሳንቲም ግን ሞት ነው። ጥቁሩ ነገር ብሩ ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። ሲወለወል ሽፋኑ ብቻውን አይነሣም፤ ከሥሩ ያለውን የብሩን ገጽ ይዞ ነው የሚሄደው። አሉሚኒየም ፎይልና ሶዳ የሚለው ዘዴም ገጹን ያደበዝዘዋል። በዕድሜ ብዛት የመጣው ሽፋን፣ ፓቲና የሚባለው፣ ወደ ሰማያዊና ወርቃማ የሚያደላው በተለይ፣ ዋጋ ይጨምራል። አረንጓዴ፣ የሚጣበቅ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ ግን እሱ ከለስላሳ ፕላስቲክ የመጣ ነው። ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይኑር፣ ከዚያ በተጣራ ውኃ ይታጠብ። ሳትነኩት ይለቃል።

ለማስቀመጫ ጠንካራ ካፕሱል ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ተጠቀሙ። ለስላሳ፣ ሽታ ያለው የፕላስቲክ ኪስ ቤታችሁ አይግባ። የጎማ ማሰሪያና ሱፍ ድኝ ስላላቸው ያጠቁሩታል። የዋንዛ ይሁን የኦክ፣ ሽታው ያልወጣ ጥሬ እንጨት ሣጥንም አይሆንም። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጣል አድርጉበት።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም ትንሽ ካርድ ጻፉ። የዬገር ቁጥር፣ ክብደት፣ የውኃው ንባብ፣ የት፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ። ደረሰኙንም አብራችሁ አኑሩ። እኔ ካርዶቼን በአማርኛም በጀርመንኛም እጽፋለሁ፤ ልጆቼ የሚያነቡት ጀርመንኛውን ነው፣ እህቴ ደግሞ አማርኛውን። እኔ ባልኖር ማንም በኪሎ እንዳይሸጣቸው።

የሳክሶኒን መንገድ ለመረጠ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የ1913ቱን 3 ማርክ በጥሩ ይዞታ። ከዚያ የ1909ኙን 2 ማርክ። ከዚያ የ1902 እና የ1904 የመታሰቢያ 2 ማርኮች። ሦስቱ 5 ማርኮች በኋላ ይምጡ፤ ቁጥራቸው ያነሰ ስለሆነ ዓይናችሁ ከተሳለ በኋላ ብትገዟቸው ነው የሚሻለው። የ1904ቱ 5 ማርክ ከሦስቱ አስቸጋሪው ነው። ደህና ይዞታ ላይ ያለ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ ያልተወለወለ ካገኛችሁ ነገ እመለሳለሁ ብላችሁ አትውጡ።